ከእሳት የተሠራች ለምለም ደሴት

የዕረፍት ጊዜ ሲነሳ ብዙ ባለ ትዳሮች “ሄደን ይበልጥ ደክመን ተመለስን” ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እውነትም በአራት ቀን አሥር ቦታ ለማየት የሚሮጥ ሰው ፎቶ እንጂ ዕረፍት ይዞ አይመለስም። ዛሬ የምናስጎበኛችሁ ደሴት ግን ለሚሮጥ ሰው ውበቷን በቀላሉ አታሳይም። ሃዋይ ትባላለች።

ሃዋይ የአሜሪካ ግዛት የሆኑት ደሴቶች የጋራ መጠሪያ ቢሆንም፣ ከሁሉ የምትበልጠው ደሴትም ይህንኑ ስም ይዛለች። ሰዎች እንዳይምታታባቸው “ትልቋ ደሴት” ይሏታል። ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ወደ 3,800 ኪሎ ሜትር ርቃ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ትገኛለች። የተሠራችው ከአምስት እሳተ ገሞራዎች የፈሰሰው ቅልጥ ዓለት በብዙ ዘመን እየተደራረበ ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ወይም እዚያ ዘመድ ልትጠይቁ የምትሄዱ ከሆነ ጉዞው የሚቻል ነው፤ ሁለቱን የአውሮፕላን ማረፊያ ከተሞች ሂሎንና ኮናን ያዙ።

ዝናብ ባለበት በኩል

ጉዞውን በምሥራቅ ከሂሎ ጀምሩ። ከባሕር የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ከተራሮቹ ጋር ሲጋጭ ዝናቡን የሚያወርደው በዚህ በኩል ስለሆነ፣ ሂሎ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። የዝናብ ልብስ ሳትይዙ አትውጡ። ከከተማው በስተ ሰሜን ያለው የአካካ ፏፏቴ 135 ሜትር ይወርዳል፤ ከጢስ ዓባይ ሦስት እጥፍ ያህል ይረዝማል ማለት ነው፤ ስፋቱ ግን ጠባብ ነው። በቀርከሃና በትልልቅ ቅጠሎች መካከል የሚያልፈው የእግር መንገድ አጭር ስለሆነ ልጆችም አይደክማቸውም።

እሳቱ ባለበት በኩል

ከሂሎ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1916 የተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ ትደርሳላችሁ። ኪላዌያ የተባለው እሳተ ገሞራ ያለው እዚህ ነው። ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ደጋግሞ እሳት ሲተፋ ቆይቷል፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ ተመልከቱ። የድኝ ሽታ ያለው ጭስ ስለሚወጣ አስም ያለበት፣ የልብ ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል።

እዚህ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንድ በኩል ጥቁር፣ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ሣር የማይታይበት ድንጋይ ታያላችሁ። ጥቂት ነድታችሁ ደግሞ ፈርን እንደ ዛፍ የቆመበት ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ትገባላችሁ። ጫካው የበቀለው በዚያው ዓይነት ድንጋይ ላይ ነው። በመጀመሪያ በስንጥቁ ውስጥ ትንንሽ ተክሎች ይበቅላሉ፤ ቀይ አበባ ያለው ኦሂያ የተባለው ዛፍም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ልዩነቱን ያመጡት ዝናብና ጊዜ ናቸው። ቤታችሁ የጠብ እሳት አልፎበት ከሆነ፣ እዚህ ቦታ ላይ ሁለታችሁም ቁጭ በሉ። የተቃጠለው መሬት በአንድ ቀን አልለመለመም፤ ግን ለምልሟል።

እሳቱ ጨዋታ አለመሆኑንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከኪላዌያ የወጣው ቅልጥ ዓለት በደሴቲቱ ምሥራቅ ከ700 በላይ ቤቶችን አጥፍቷል። ያው ፍሰት ባሕር ውስጥ ገብቶ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ አዲስ መሬት ሠርቷል። ለጎብኚ የሚያስደንቅ ትዕይንት፣ ለአንዳንዱ ነዋሪ የጠፋ ቤቱ ነውና ካሜራችሁን በርኅራኄ ያዙ። ከፓርኩ ድንጋይ አንስቶ መውሰድም ክልክል ነው።

የካፒኦላኒ ጉዞ

በዚህ ገደል አፋፍ ላይ ስትቆሙ ካፒኦላኒ የተባለችውን የአገሩን ባላባት አስቡ። ሕዝቡ ፔሌ የተባለች የእሳት አምላክ በኪላዌያ ውስጥ ትኖራለች ብሎ ይፈራ ነበር፤ እዚያ የሚበቅለውን ፍሬም ለእርሷ ሳያቀርብ የሚበላ አልነበረም። ወንጌል በደሴቶቹ መሰበክ ከጀመረ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ካፒኦላኒ እ.ኤ.አ. በ1824 ከምዕራቡ ጠረፍ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ተጉዛ መጣች። ሰዎች እየለመኗት ወደ ጉድጓዱ ወረደች፤ ፍሬውን በላች፤ ድንጋይ ወረወረች፤ አብረዋት ከነበሩት ጋር ጸለየች። በሰላምም ተመለሰች። እናንተ በመኪና በጥቂት ሰዓት የምትጨርሱትን መንገድ እርሷ በዚያ ሻካራ ድንጋይ ላይ እንደ ተጓዘችው ስታስቡ፣ የእምነቷ ዋጋ ይገባችኋል።

ፀሐይ ባለበት በኩል

ከፓርኩ ወደ ደቡብ ስትነዱ ፑናሉኡ የተባለው የባሕር ዳርቻ አለ። አሸዋው ከተሰባበረ ላቫ የመጣ ስለሆነ ጥቁር ነው። ትልልቅ የባሕር ኤሊዎች ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ቢያንስ 6 ሜትር ራቅ ብላችሁ ተመልከቷቸው።

በመጨረሻ ደረቅና ፀሐያማ የሆነችው ኮና ትቀበላችኋለች። እ.ኤ.አ. በ1837 ከላቫ ድንጋይ ተሠርቶ የተጠናቀቀው የሞኩአይካዋ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ቆሟል። ምእመናኑ ከ1820 ጀምሮ የነበሩ ናቸው። ከከተማው በላይ ያለው ተዳፋት በቡና ተሸፍኗል። ቡናን ወደ ኮና እ.ኤ.አ. በ1828 ያመጣው ሳሙኤል ራግልስ የተባለ ሚስዮናዊ ነበር። የአገራችን ተክል በዚያ ሁሉ ባሕር መካከል፣ በእሳት በተሠራ አፈር ላይ ሲያፈራ ማየት ለእኛ ልዩ ደስታ አለው። አንድ ስኒ ሳትጠጡ አትለፉ።

ጊዜ ከተረፋችሁ 4,207 ሜትር ከፍታ ያለውን ማውና ኬያ ተራራ ተመልከቱ። መውጣት ከፈለጋችሁ 2,800 ሜትር ላይ ባለው የጎብኚዎች ማዕከል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አርፋችሁ ሰውነታችሁን አለማምዱ። ወፍራም ልብስ ያዙ፤ በክረምታቸው በረዶ ይጥላል።

እንግዲህ ምክራችን አጭር ነው። በቀን አንድ ቦታ ይበቃል። ስልካችሁን ለግማሽ ሰዓት ዝጉና እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ፤ ከቤት ወጪና ከልጆች ትምህርት ውጭ ያለውን፣ ቆይቶ ያደረውን ነገር አንሡ። ሃዋይ መሄድ ባትችሉ እንኳ ቢሾፍቱ ዳር ያሉት ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው፤ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ጌታ ትዳራችሁን ያለምልም!