ቀድሞ የከፈለ ሰው ኑዛዜ

የበደልሁትን ሰው ስም እዚህ አልጽፍም፤ እሱም፣ ደባርቅ ገበያ የሚያውቁን ሰዎችም ማን እንደሆነ አይጠፋቸውም። በ2012 ዓ.ም. አምስት ሆነን በቡድን ዋስትና ከተበደርነው ብድር የድርሻዬን ከጊዜው ቀድሜ ዘጋሁ። ባልንጀሮቼ ሲቸገሩ ደግሞ የብድር ስሜ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ፊርማዬን ነፈግኋቸው። በዚህ ሰበብ አንድ ሰው በቅሎውን ሸጠ። ያበደረን ተቋም በውሉ መሠረት ሠርቷል፤ በእሱ ላይ የማሳብበው ነገር የለኝም። ጥፋቱ የኔ ነው።

በእኛ አገር፣ ከዳባት በወቅን አልፎ እስከ ደባርቅ፣ ቤት በካርታ አስይዞ የሚበደር ሰው ጥቂት ነው። ሌላው ከሚተማመንባቸው ጎረቤቶቹ ጋር ይቧደናል። ብሩን ሁሉም በየስሙ ይወስዳል፤ ዋስትናው ግን የጋራ ነው። አንዱ ወሩን መክፈል ሲያቅተው ሌሎቹ ይሸፍኑለታል፣ እሱም ሲሞላለት ይመልሳል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ እስኪሆን ድረስ ለብዙ ዓመታት የአማራ ክልልን ገበሬና ቸርቻሪ ሲያበድር የኖረው በአብዛኛው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። መያዣው መሬትም ቤትም ሳይሆን የሰው ቃል ነው።

የኛ ቡድን እህልና ሸቀጥ የምነግደው እኔ፣ አንዲት ጠላ ጠማቂ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ድንች አምራች ገበሬና አንድ ባለበቅሎ ነበርን። ባለበቅሎው በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «አያ» እለዋለሁ። እያንዳንዳችን 20,000 ብር ወሰድን፤ በየወሩ እየተከፈለ በዓመቱ የሚያልቅ። ወሩ መስከረም ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንግዳ የሚበዛበት ጊዜ ነው። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ስለሆነ መግቢያው የሚከፈለው፣ ስካውቱና አስጎብኚው የሚያዘው እዚሁ ነው። ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ በእግር የሚሄድ እንግዳ ድንኳኑንና ስንቁን በበቅሎ ያስጭናል፤ ባለበቅሎዎቹም ተራቸውን ጠብቀው ይወጣሉ። አያ በብድሩ ሁለተኛ በቅሎ ገዛ። ዳማ፣ ገና ልጅ፣ ዳገት የማትፈራ በቅሎ ነበረች።

በጥር የጥምቀት ገበያ ሞቀልኝና ብር እጄ ገባ። ያን ጊዜ የቀረኝን ዕዳ ጠቅልዬ ከፈልሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ዕዳ ይዤ ማደር አልወድም» እላለሁ። እውነቱ ሌላ ነበር። ቀድሞ የከፈለ ሰው በአበዳሪ ዘንድ ስሙ ይገናል፣ በሚቀጥለው ትልቅ ብድር ይሰጠዋል ብዬ አስቤ ነው። ከዚያም በላይ፣ የኔን ከዘጋሁ የሌሎቹ ጣጣ አይደርስብኝም ብዬ ነው። ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ስለነበር ቀድሜ በመክፈሌ የዳነልኝ ሺህ ብር አይሞላም። በዚያ ላይ ያን ብር ከሱቅ ስላወጣሁት፣ አዝመራ ገብቶ ገብስና ባቄላ በረከሰበት ሰሞን የምገዛበት አጣሁ። በንግዱም ቢሆን አላተረፍሁበትም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ወዲያው የእንግዳው መንገድ ተዘጋ። ድንኳን የሚጭን በቅሎ፣ ጠላ የሚጠጣ ሾፌር፣ ልብስ የሚያሰፋ አስጎብኚ ጠፋ። አያ አንድ ወር እንደምንም ከፈለ፤ በሚቀጥለው አቃተው። አበዳሪው የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ እንደሚቻል ነገራቸው፤ ማመልከቻው ላይ ግን የቡድኑ አባላት በሙሉ መፈረም ነበረባቸው።

ከፋሲካ በኋላ ነው አያ ማመልከቻውን ይዞ ሱቄ የመጣው። ስኳር እየመዘንሁ ነበር። ወረቀቱን ከጋቢው ስር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። የሱና የሦስቱ ፊርማ ሰፍሯል፤ ጠላ ጠማቂዋ መጻፍ ስለማትችል የጣት አሻራዋን አድርጋለች። «ያንተ ብቻ ነው የቀረ፣ ወንድሜ» አለኝ።

«አያ፣ እኔኮ ጨርሻለሁ» አልሁት። «አሁን ብፈርም ባልዘገየ ስሜ የዘገየ ብድር ውስጥ እገባለሁ።»

አልለመነኝም። ወረቀቱን በእጥፋቱ መልሶ አጠፈውና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። እኔም ስኳሬን መዝኜ ጨረስሁ።

ማራዘሚያው ሳይጠየቅ ቀረ። ውዝፉ ተጠራቀመ። ሰኔ ሲገባ አያ ዳማዋን ለገበያ አወጣት። እንግዳ በሌለበት ዓመት ባለበቅሎው ሁሉ ሻጭ ስለነበር የገዛበትን ሩብ አጉድሎ ሰጣት፤ ከዳባት በኩል የመጣ ነጋዴ ነድቷት ሄደ። በዚያ ብር የሱም፣ የጠላ ጠማቂዋም ውዝፍ ተከፈለ። እሷ ዋሱ ነበረች፣ እሱም ዋሷ ነበር፤ ስለዚህ የሷንም ከፈለላት። እኔም የሁለቱ ዋስ ነበርሁ።

ለብዙ ጊዜ ራሴን የማጽናናበት ምክንያት ነበረኝ። በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ውጊያው እስከ ዳባት ወረዳ ደረሰ፤ እንግዳውም እንደ ድሮው ሊመለስ አልቻለም። «በቅሎዋ ብትኖርም ሥራ አታገኝም ነበር» እል ነበር። ውሸት ነው። በቅሎ የምትጭነው የቱሪስት ጓዝ ብቻ አይደለም። እህል ወፍጮ ቤት ታደርሳለች፣ ድንች ገበያ ታወጣለች፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ልጅና ሽማግሌ ታሸሻለች። አያ ያጣው ይህን ሁሉ ነው።

የሳሳሁለት የብድር ስሜስ? ከጥቂት ዓመት በኋላ ጎንደር አንድ ባንክ ሄጄ ለንግድ ብድር ጠየቅሁ። ባለሙያዋ ታሪኬን አየችና ስለ ቡድኑ ብድር ጠየቀችኝ። ቀድሜ መክፈሌን በኩራት ነገርኋት። እሷ ግን በትሕትና፣ ቀድሞ ለከፈለ ሰው የሚታሰብ የተለየ ነገር እንደሌለ አስረዳችኝ። የሚታየው ብድሩ መዘጋቱና ክፍያው ሳይጓደል መምጣቱ ነው። የጥቂት ወራት ክፍያ ከዓመት ሙሉ ክፍያ ይልቅ ስለ ሰውዬው የሚናገረው ያንሳል። ቀጥላም ዋስ የሆንሁበት ብድር በውዝፍ መቆየቱን አንሥታ ማብራሪያና ከዕዳ ነፃ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣ አለችኝ። የድርሻዬን መክፈሌ ከዋስትናው አላወጣኝም ነበር። ማራዘሚያውን ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ውዝፍ የሚባል ነገር ላይኖር ይችል ነበር። ስሜን ያስነካሁት ለስሜ ብዬ ባደረግሁት ነገር ነው።

ያን ጊዜ ባውቀው ኖሮ ብዬ የምመኘውን ላካፍል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። ባንኮች ማን ስንት እንደተበደረ፣ ስንት እንደቀረውና እንዴት እየከፈለ እንደሆነ ይልኩለታል፤ አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊትም ከእሱ ይጠይቃሉ። በባንክ አሠራር ክፍያው 30 ቀን ሳያልፈው የተከፈለ ብድር ጤነኛ ነው። ከ30 ቀን እስከ 90 ቀን የዘገየው ልዩ ክትትል ይደረግበታል፤ 90 ቀን ሲሞላው ከተበላሸ ብድር ይመደባል። ከነዚህ መደቦች ውስጥ ቀድሞ ለከፈለ ሰው የተለየ የክብር ቦታ የለም። ቁም ነገሩ አለመዘግየት ነው።

በውጭ አገርም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አሜሪካ ውስጥ የብድር ታማኝነት ከ300 እስከ 850 በሚደርስ ነጥብ ይለካል፤ በታወቀው የፋይኮ አሠራር ከነጥቡ 35 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ክፍያን በጊዜው ከመክፈል ታሪክ ነው። የመኪና ብድሩን ቀድሞ የዘጋ ሰው ነጥቡ ለጊዜው በጥቂቱ ሊወርድ ይችላል፤ በየወሩ መክፈሉን የሚያሳየው ሒሳብ ተዘግቷልና። ይህን ከዋሽንግተን ዘመዶቼ ስሰማ፣ በየአገሩ የኔን ዓይነት ሰው እንዳለ ገባኝ። እዚህም ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እንደ ቴሌብር መላ ያሉ የስልክ ብድሮች ስለመጡ፣ የወጣቱም የመክፈል ልማድ ከወዲሁ እየተመዘገበ ነው።

ዕዳን ቀድሞ መክፈል ክፉ ነው እያልሁ አይደለም። ወለዱ ከባድ ከሆነ፣ በውሉ ላይ የቅድሚያ ክፍያ ቅጣት ከሌለ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ብር ከተረፈ ቀድሞ መክፈል ብልህነት ነው። ሰው አራጣ ተበድሮ ከሆነማ ዛሬውኑ ይገላገል። ዕዳው ሲያልቅ ብድሩ መዘጋቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ በማኅተም ይቀበል። በቡድን የተበደረ ሰው ግን የድርሻውን ከመጠቅለሉ በፊት ከጎኑ ያሉትን ይይ። ያ ብር በእጄ ቢቆይ ኖሮ የኔን በየወሩ እየከፈልሁ የአያንና የጠላ ጠማቂዋን የሁለትና የሦስት ወር ክፍያ መሸፈን እችል ነበር። ውሉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ አንብቤ ፈርሜበታለሁ።

ለንስሐ አባቴ ስናገር ዝም ብለው ሰሙኝና «መጸጸትህ ላንተ ነው፤ በቅሎዋ የማን ነበረች?» አሉኝ። ሽማግሌ ይዤ አያ ዘንድ ሄድሁ። የበቅሎዋን ሙሉ ዋጋ አቀረብሁ። እሱ በሽያጩ የጎደለበትን ብቻ ተቀበለና የቀረውን መለሰልኝ። «በብሩ አልተቀየምሁህም» አለኝ ሽማግሌዎቹ ፊት፤ «‹እኔኮ ጨርሻለሁ› ያልኸኝ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።» የምመልሰው አልነበረኝም።

ዛሬ ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን። እንደ ድሮው ግን አይደለንም፤ እንደ ድሮው ይሁንልኝ ብዬ የመጠየቅ መብትም የለኝም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እኔም ያን እያሰብሁ በአበዳሪ መዝገብ ያለውን ስሜን ስጠብቅ፣ ጎረቤቶቼ ዘንድ ያለኝን ስም አጠፋሁ። አሁን ዋስ ስሆን ባልንጀራዬ የመጨረሻዋን ወር እስኪከፍል ድረስ የኔም ዕዳ አላለቀም ብዬ እቆጥራለሁ። በቡድን የተበደራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼም ይህንኑ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ።