የትምህርት ቤት ደጅ ጥናት

ደጅ መጥናት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ገበሬ ስለ መሬቱ የዳኛ ደጅ ይጠናል፤ ወታደር ስለ ሹመቱ የጌታውን ደጅ ይጠናል፤ ተማሪም ስለ ዕውቀት የመምህሩን ደጅ ይጠናል። ከእነዚህ ሁሉ ኀፍረት የሌለበት የተማሪ ደጅ ጥናት ነው እያልሁ እኖር ነበር። በ2017 ዓ.ም. በመስከረም ወር ግን እኔው ራሴ በጎንደር ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ደጅ ቆሜ አፈርሁ። የኀፍረቴም ምክንያት ትምህርት ቤቱ አልነበረም፤ የገዛ እጄ ጽሕፈት ነበረ። ነገሩን ሰውሬ ብይዘው ለእኔ ይሻለኝ ነበር፤ ነገር ግን እንደ እኔ ያሉ ካህናትና የቤተ ሰብ አለቆች በዚህ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው ፈተና ስለ ሆነ፥ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እጽፈዋለሁ።

የእኅቴ ልጅ በስሜን ደጋ፥ በጃን አሞራ ተወለደ። አባቱ ገብስ የሚያርስ፥ በግ የሚያረባ ገበሬ ነው። ልጁ ትምህርት ወዳድ ሲሆን፥ ትምህርቱ ግን እንደ አሮጌ ገመድ በየቦታው የተበጣጠሰ ነው። በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ስለ ኮሮና ወረርሽኝ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሲዘጉ እርሱም በግ ጥበቃ ዋለ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሥቶ፥ በዓመቱ ማብቂያ እስከ ዳባት አጠገብ እስከ ጭና በደረሰ ጊዜ፥ የደጋው ሰው ሁሉ ሲታወክ የእርሱም ትምህርት ታወከ። በ2015 ዓ.ም. ዐሥረኛ ክፍልን ፈጽሞ እፎይ ባለበት ክረምት፥ በክልላችን የጦር ግጭት ስለ ተነሣ፥ በ2016 ዓ.ም. የተማረበት ቤት ሳይከፈት ዓመቱ አለፈ። ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ማታ፥ ጫማው በመንገድ ተበልቶ፥ ከበሶ ስልቻ በቀር ምንም ሳይዝ ከቤቴ ደረሰ። እግሬን ሊስም ጎንበስ ሲል አነሣሁት። «የኔታ፥ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ያስገቡኝ። ከዚህ በቀር የምለምንዎ የለኝም» አለኝ።

ዐሥራ አንደኛና ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል በዘመናዊው ትምህርት ምን እንደ ሆነ ለካህናት ወንድሞቼ ልግለጥ። በእኛ ሥርዓት ንባብና ዳዊት ዜማም የተማረ ሰው ቅኔ ቤት ገብቶ ሲወጣ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ፥ አንዱ ወደ አቋቋም ይሄዳል። በእነርሱም ዘንድ ተማሪው በዐሥራ አንደኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ ይለያል፤ ሁለት ዓመት ተምሮም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰውን ብሔራዊ ፈተና ይፈተናል። ይህ ደረጃ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ መሰናዶ ሲባል ኖሯል። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ወደዚያ የሚያሳልፈው የዐሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበረ፤ ያ ፈተና ከቀረ ወዲህ ግን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያሻግረው የትምህርት ቤቱ የውጤት ማስረጃና መሸኛ ነው። ስለዚህ ወረቀት የሌለው ልጅ ዕውቀት ቢኖረውም፥ ቁልፉ ጠፍቶበት ከገዛ ቤቱ ደጅ እንደ ቆመ ሰው ነው። ከገባም በኋላ መንገዱ የቀና አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከተፈተኑት 845,099 ተማሪዎች መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ ሦስት ያህል ነው። በዚህ ጠባብ በር ለመጋፋት ነው እንግዲህ የእኅቴ ልጅ ከስሜን የወረደው።

እኔ ቅኔ ቤት ስገባ ማመልከቻ አልጻፍሁም። በ1977 ዓ.ም. ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ፥ ደበሎ ለብሼ አኩፋዳ አንግቼ ከጃን አሞራ ተነሣሁ። በደባርቅና በጎንደር አልፌ፥ ጣናን በምሥራቅ ዞሬ፥ ዐባይን ተሻግሬ፥ በየመንደሩ በማርያም ስም እየለመንሁ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጎጃም ደረስሁ። የቅኔ ምንጮች ዋሸራ፥ ጎንጅና ዋድላ እንደ ሆኑ የታወቀ ነው፤ እኔ የገባሁት ከዋሸራ ወገን በተማሩ መምህር ጉባኤ ነው። በዚያ ቤት መዝገብ የለም፤ ክፍያ የለም፤ መሸኛም የሚጠይቅ የለም። አዲስ ተማሪ የመምህሩን ጉልበት ይስማል፤ ከየት እንደ መጣና ምን እንደ ተማረ ይጠየቃል፤ ከዚያም «ጎጆህን ሥራ» ይባላል። በማግሥቱ ከጀማሪዎች ጋራ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ሲቈጥር ይውላል፤ እየበረታም ሲሄድ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። በሌላ ቤት ተምሬአለሁ የሚል ቢኖር በጉባኤው መካከል ቅኔውን ሲነግር የኔታ ልኩን ወዲያው ያውቁታል። የምስክር ወረቀቱ አፉ ነው።

ይህን ስናገር ቅኔ ቤት ወሰን የለውም ማለቴ አይደለም። ወሰኑ የአገሬው እንጀራ ነው። በዚያ ዓመት በሰሜኑ አገር ታላቅ ረኃብ ስለ ነበረ፥ ከየአቅጣጫው የመጣው ተማሪ በዝቶ የመንደሩ ቁራሽ አንሶ ነበር። ስለዚህ የኔታ አዲስ መጪውን ሁሉ «አባትህ ፈቅዶልሃልን?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ተመርቆ የመጣ ልጅ አንድ ቀን ስንቅ ይላክለታል፤ ኮብልሎ የመጣው ግን የአባቱን ሞፈር ጥሎ የድኻውን ቁራሽ ይሻማል። እኔም ጉልበታቸውን እንደ ሳምሁ «አዎን፥ መርቆ ሰደደኝ» አልሁ። ይህ መልስ ምን እንዳመጣብኝ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ልጁ ነገር እንመለስ። ማስረጃው በተዘጋው ትምህርት ቤት ሣጥን ውስጥ ቀርቷል፤ መሸኛ የሚጽፍለትም ሰው አልተገኘም። ምን ይሻላል ብዬ በአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ጥላ ዘርግቶ ለሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ አማከርሁት። እርሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔታ፥ መሸኛ እንደ ሆነ ይገኛል፤ ማኅተሙም አይቸግርም» አለኝ። ይህን ስሰማ አማተብሁና ልነሣ ስል፥ «እንግዲያስ ልጄ ነው ብለው ይጻፉ። የከተማ ነዋሪ ልጅ ከሆነ ማስረጃው እስኪመጣ ይታገሡታል፤ ከገጠር የመጣ ከሆነ ግን ከሁሉ በኋላ ይሰለፋል» አለኝ።

የሐሰቱን ማኅተም ስጠላው ይህኛውን አልጠላሁትም። በአገራችን የእኅት ልጅ ልጅ አይደለምን? እኔስ በክርስትና፥ በምክር፥ በእንጀራም አባቱ አይደለሁምን? እያልሁ ከራሴ ጋራ ተከራከርሁ። ሰሙ ልጄ ማለት ነው፤ ወርቁ የእኅቴ ልጅ ማለት ነው፤ ወርቁን በልቤ ይዤ ሰሙን ለትምህርት ቤቱ ብሰጥ ምን ኀጢአት አለበት አልሁ። ዐርባ ዓመት ቅኔ የቈጠረ ሰው ለውሸቱ መጠለያ አያጣም። ስለዚህ ማመልከቻውን በገዛ እጄ፥ በመልካም ጽሕፈት ጽፌ ፈረምሁበት። ልጁንም «ሲጠይቁህ ዝም በል፤ የምመልሰው እኔ ነኝ» አልሁት። ልጁ አንገቱን ደፋ እንጂ እሺ አላለኝም።

ወደ ትምህርት ቤቱ በሄድን ጊዜ ሰልፉ እስከ ውጭው አጥር ደርሶ ነበር። ከፊታችን ከበየዳ የመጣች አንዲት ሴት ከልጇ ጋራ ቆማለች። የልጂቱ ማስረጃ እንደ እኛው ቀርቶባት፥ የዐሥረኛ ክፍል ደብተሮቿን በነጠላ ቋጥራ ይዛ መጥታለች። ተራዋ ሲደርስ ሴቲቱ ነጠላውን ፈትታ ደብተሮቹን ከጠረጴዛው ላይ ደረደረችና «ይህ ነው ያለን» አለች። ምክትል ርእሰ መምህሩም አንድ ሁለቱን ገልጠው አይተው፥ ቦታ ከተረፈ እንደሚጠሯት ነግረው ስሟን ጻፉ። የእኔን ጥምጥምና ማመልከቻ ሲያዩ ግን ተነሥተው ወንበር ሰጡኝ። ሴቲቱ ቆማ እኔ ተቀመጥሁ። በዚያች ሰዓት ልቤ ነገሩን አውቆታል፤ ነገር ግን አልተነሣሁም።

ምክትሉ መዝገቡን ገልጠው «ስምህ ከነአባትህ ማን ነው?» ብለው ልጁን ጠየቁት። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ልጁ ቀደመኝ። የገዛ አባቱን ስም ጠራና ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔታ፤ አባቴ በሕይወት አለ» አለ። ምክትሉ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ማመልከቻውን እንደ ገና አነበቡት፤ እኔንም አዩኝ። የተናገሩት ቃል ቍጣ አልነበረበትም። «የኔታ፥ እርስዎ እንዲህ ከጻፉልን እኛ ማንን እንመን?» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ የጎጃሙ መምህሬ ታሰቡኝ። ቅኔ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ የስሜን መነኩሴ ወደ ጉባኤው መጥተው አወቁኝ፤ አባቴም በረኃቡ ዘመን በመንገድ የሞትሁ መስሎት እንዳለቀሰልኝ ለየኔታ ነገሯቸው። የኔታ አልገረፉኝም። በማግሥቱ በጉባኤው ፊት ጠርተው «ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ለሚጠይቅህ ሰው የምትሰጠው መልስ ግን አንድ ብቻ ይሁን። ሂድ፥ ከአባትህ ታረቅና ተመለስ» አሉኝ። ዐሥራ ሁለቱን ቀን እንደ ገና ተጓዝሁ። አባቴ ከማሳው ላይ ሲያየኝ ሞፈሩን ለቀቀ። አንድ የዘር ወራት አብሬው አረስሁ፤ ከዚያም በሶ ሰንቆ፥ እጁን በራሴ ላይ ጭኖ መረቀኝ። ያን ጊዜ በእውነት ተመርቄ ቅኔ ቤት ገባሁ። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ተርኬዋለሁ! ለራሴ ግን ረስቼው ኖሯል።

እንግዲህ ከወንበሩ ተነሥቼ ማመልከቻዬን ለመንሁና ቀደድሁት፤ በዚያው ጠረጴዛ ላይም ሌላ ጻፍሁ። «ልጁ የእኅቴ ልጅ ነው። ማስረጃው በተዘጋው ትምህርት ቤት ቀርቷል። ዐሥረኛ ክፍልን መፈጸሙን የማውቀው ከእርሱና ከእናቱ ቃል ነው። ቢፈትኑት ፈቃዴ ነው» የሚል ነበረ። ወንበሩንም ለበየዳዋ ሴት ሰጠኋት፤ እርስዋ ግን በእኔ ፊት መቀመጥ አፍራ እምቢ አለች፤ ስለዚህ ወንበሩ ባዶውን ቀረ። የእኅቴ ልጅ ስም ከሴት ልጇ ስም በታች ተጻፈ።

ማስረጃ የሌላቸውን ልጆች መምህራኑ በሂሳብና በእንግሊዝኛ ፈተኗቸው። ልጂቱ በዚያው ሳምንት ገባች። የእኛው ልጅ ሦስት ሳምንት ደጅ ጠንቶ፥ በጥቅምት ወር ማስረጃውን በኋላ ሊያመጣ ተስማምቶ፥ ከሰዓት በኋላ ባለው ፈረቃ ቦታ አገኘ። የተፈጥሮ ሳይንስን መረጠ፤ እኔ ሌላውን እወድ ነበር፥ ነገር ግን በዚያ ወር ምክር ለመስጠት አፍ አልነበረኝም። መሸኛው ከብዙ ወራት በኋላ መጣ። አንድ መምህር የትምህርት ቤቱን መዝገብ ከቤቱ ወስዶ፥ በገብስ ጎታ ውስጥ ሸሽጎ አቆይቶት ኖሯል፤ ከዚያም ቀድቶ በሰው እጅ ላከልን። ወረቀቱ ገብስ ገብስ ይሸታል። ልጁም በ2018 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባ።

ከዚህ ነገር የተማርሁትን በአጭሩ ልናገር። እኛ የአብነት ሰዎች የዘመናዊውን ትምህርት ቤት ወረቀት መናቅ እንወዳለን፤ የእኛ ቤት በአፍና በልብ ይታወቃል እንላለን። ነገር ግን ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ የቅብጥ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ስለዚህ ይህ ትምህርት ከመነሻው ለቤተ ክርስቲያን ባዕድ አልነበረም። ወረቀቱም የክፋት ሥራ አይደለም። የኔታ መቶ ተማሪ ፊት ለፊት ያውቃሉ፤ በሺህ የሚቈጠር ልጅ የሚቀበል ሰው ግን የሚያምነው የሌላውን ሰው ቃል ነው፤ ወረቀት ማለት የራቀ ሰው ቃል ነውና። ቃሉ ከተበላሸ የሚጎዳው መዝገብ ያዡ አይደለም፤ ደብተሯን በነጠላ ቋጥራ የመጣችው ልጅ ናት። የእኔ ውሸት ቢያልፍ ኖሮ የሚያልፈው በእርስዋ ላይ ተረማምዶ ነበር።

ስለዚህ ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፥ በዚህ ልጆች ከየደጋው ማስረጃ አጥተው በሚሰደዱበት ዘመን ምስክርነት የሚለመነው ከእናንተ ዘንድ ነው። አትከልክሏቸው፤ ደጁንም አብራችኋቸው ጥኑ። የምትጽፉት ግን የምታውቁትን ብቻ ይሁን። እናንተም ትምህርት ቤት የምትመሩ ወንድሞች፥ ወረቀት ለጠፋበት ልጅ ፈተና አዘጋጁለት፤ አፉም ይመስክርለት። እግዚአብሔር የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች ይክፈትልን፤ በጎታ ውስጥ መዝገብ የሚጠብቁትንም መምህራን ዕድሜ ይስጥልን። አሜን።