ነጥብ የጎደለው ኮከብ

ልጅ ሳለሁ አያቴ ኮከቤን ልታስቆጥር ሰፈራችን ወዳሉ አንድ ደብተራ ይዛኝ ሄደች። አውደ ነገሥታቸውን ገለጡ፤ የእኔንና የእናቴን ስም ፊደል በፊደል ደምረው በ12 ገደፉና «ገውዝ፤ ነፋስ ነው» አሉ። አያቴ ከንፈሯን መጠጠች። ነፋስ የሆነ ልጅ ጎጆ አይቀልስ፣ ጥሪት አይቋጥር።

ኋላ መታወቂያ ላወጣ ስሄድ፣ ጸሐፊው ተሰማን «ተሸማ» አድርጎ ሰጠኝ። የተጨመረችው አንዲት ጭረት ናት፤ እሷን ለማስፋቅ ግን አራት ማመልከቻ ጻፍኩ። አያቴን ያስጨነቃት ሌላ ነው፤ «ታዲያ ኮከብህም ተለወጠ እንዴ?»

የኮከቦቹም ስም ከጸሐፊ እጅ እንደማያመልጥ ያወቅኩት በቤቴልጅዩዝ ነው። በጥር መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀና ብትሉ፣ አናታችሁ አካባቢ ቀላ ብሎ ይታያል፤ መጽሐፈ ኢዮብ የሚጠራው የኦሪዮን ትከሻ ላይ ነው። ዐረቦች ያንን የከዋክብት ስብስብ አል-ጀውዛእ ይሉት ነበር። ኋላ ስሙ ለጎረቤቶቹ ለመንትዮቹም ተሰጠ፤ ወደ እኛ ተሻግሮ «ገውዝ» የሆነው ይኸው ነው። ቀዩ ኮከብ ደግሞ «የድ አል-ጀውዛእ»፣ የጀውዛእ እጅ፣ ይባል ነበር። በዐረብኛ የቃል መነሻ ላይ «የ» ከሥሩ ሁለት ነጥብ፣ «በ» አንድ ነጥብ አላቸው። በመካከለኛው ዘመን ወደ ላቲን ሲገለበጥ አንዷ ነጥብ ተዋጠች፤ «የድ» «በድ» ሆኖ ቀረ። የኋላ ሊቃውንት ደግሞ ለግድፈቱ ትርጓሜ ፈልገው «ብብት ማለት ነው» አሉ። እጅ ሄዶ ብብት ሆነ! የእኔው ጸሐፊ ይሻላል፤ ትርጓሜ አልጨመረበትም።

ባለቤቱ ግን በስም የሚያንስ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ማይክልሰንና ፒዝ በ1920 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ማውንት ዊልሰን ላይ ስፋቱን ለኩት፤ ከፀሐይ ሌላ ስፋቱ የተለካ የመጀመሪያው ኮከብ ነው። በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ ምድርንም ማርስንም ይውጥ ነበር። ታዲያ ይህ ሁሉ ግዝፈት እብጠት ነው፤ ገላው በአማካይ ከምንተነፍሰው አየር እጅግ የሳሳ ነው። ደብተራው ሳያውቁት ልክ ነበሩ፤ ነፋስ ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ መደብዘዝ ጀምሮ፣ በቀጣዩ የካቲት ብርሃኑ ከግማሽ በታች ሲወርድ «ሊፈነዳ ነው» ተባለ። ለካ ራሱ የተፋው ጋዝ ቀዝቅዞ አቧራ ሆኖ ፊቱን ሸፍኖት ኖሯል። መፈንዳቱስ አይቀርም፤ ቀጠሮው ግን እስከ 100,000 ዓመት ሊርቅ ይችላል።

ዛሬ የምናየው ብርሃኑ የተነሣው ከ500 ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ግራኝ አህመድ ሽምብራ ኩሬ ሳይደርስ ነው። እንግዲህ ስሙ ይታረምለት ብለን ማመልከቻ በብርሃን ፍጥነት ብንልክ፣ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ እስኪመጣ ከ1,000 ዓመት በላይ ይፈጃል። አሁን ሳስበው የእኔው ቢሮ ቀልጣፋ ነበር።