በሦስተኛ ማርሽ

ያማሃ ኤጂ 100ን ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ገና ከሩቅ በድምፁ ያውቀዋል። የግብርና ባለሙያው የሚመጣው በእሱ ነበር፤ ክትባት ይዞ የሚዞረው የጤና ሠራተኛም እንደዚሁ። ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ ነውና ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አለው፣ ካቴናውም አቧራና ጭቃ እንዳያገኘው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ነው። 97 ሲሲ ብቻ ሆኖ ሸክም የማይፈራ ሞተር ነው።

በ2004 ዓ.ም. ባሕር ዳር ግቢያችን ውስጥ ቆሞ የነበረው ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ነበር። ጠዋት በአንድ ርግጫ ይነሣል። ሞቅ ሲለው ግን ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ትንሽ ዳገት ሲያይ እያለከለከ ወደ አንደኛ ይወርድና ይጠፋል። የጠየቅኋቸው ጋራዦች ሁሉ ፒስቶንና ፋሻ ቀይር አሉኝ። ገንዘቡ አልነበረኝም።

ክረምቱ እንዳበቃ የእናቴ ታላቅ ወንድም ሊጠይቁን መጡ። ጋሼ ፎገራ ውስጥ ለረጅም ዘመን የግብርና ባለሙያ ሆነው በዚሁ ዓይነት ሞተር ቀበሌ ለቀበሌ ዞረዋል። ሞተሩን ሲያዩ ቁልፍ አላነሡም። «አስነሣውና ተወው» አሉኝና መዳፋቸውን ከማርሚታው አፍ ራቅ አድርገው ያዙ።

«ና፣ እጅህን አምጣ። ትንፋሹ ይታወቅሃል? ይሄ ታፍኗል እንጂ አላረጀም፣ ልጄ።»

ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ያቃጥላል። ኤጂ 100 ዘይቱን በተለየ ጋን ይዞ በራሱ ፓምፕ ይቀላቅላል፤ በደንብ ያልነደደው ዘይት ጥቀርሻ እየሆነ የጭሱን መውጫ ይደፍናል። የተቃጠለው ካልወጣ ደግሞ አዲሱ አይገባም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ነገሩ ይብሳል፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ በ20 በመቶ ያህል ያንሳል፣ ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል።

ከማርሚታው ጀመርን። ጫፉ ላይ ያለችውን ቡሎን ፈትተን ውስጠኛውን ቧንቧ በፒንሳ እያወዛወዝን አወጣነው። ቀዳዳዎቹ ከሞላ ጎደል ተደፍነዋል። ጋሼ አይተውት ወደ ቡናው ዞሩ።

«እህቴ፣ ከሰልሽን አውሺን።»

«የቡናዬን ከሰል ለሞተር!» አለች እናቴ፤ ጀበናዋን አንሥታ ግን ማንደጃውን ወደ እኛ ገፋችልን። ቧንቧው ፍሙ ላይ ቀላ፤ ከዚያ የጋገረው ዘይት ራሱ እሳት ይዞ መንደድ ጀመረ። ጭሱ ማንጎው ላይ ወጣ። ሲበርድ በእንጨት መታ መታ ብናደርገው ጥቀርሻው እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰበረ ረገፈ።

የወደድኩት ሥራ ከዚያ የቀጠለው ነው። የሲሊንደሩን ክዳን የያዙትን ዳዶዎች በመስቀል አላልተን ክዳኑን ስናነሣ ፒስቶኑ ከነጥቀርሻው ታየ። ካቻቢቴ ይዤ ልጠርገው ስል ጋሼ ያዙኝና ከአጥሩ ቀርከሃ ሰንጥቀው ሰጡኝ። ፒስቶኑ አሉሚኒየም ነው፤ ብረት ከጫረው ነገ ጥቀርሻው የሚይዘው እዚያው ጭረት ላይ ነው። ፍርፋሪው ወደ ፋሻው እንዳይገባ ዳሩን በግራሶ ከበቡት። እኔ ቁጭ ብዬ ፋቅኩ። ከጥቁሩ ሥር ነጩ ብረት ጥቂት በጥቂት ብቅ ሲል የዚያን ዓይነት ደስታ በሌላ ሥራ አግኝቼ አላውቅም። ማንም አላቻኮለኝም። እናቴ ሁለተኛውን ቡና እዚያው አመጣችልን።

አዲስ ጓርኒሲዮን አደረግን፣ ዳዶዎቹን በመስቀል ጥቂት በጥቂት አጠበቅን። የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ በነዳጅ አጠብን። ከካርቡሬተሩ ውስጥ መርፌዋን አውጥተን መያዣዋን አንድ ጭረት ወደ ላይ አደረግን፤ መርፌዋ ዝቅ ስትል ቤንዚኑ ይቀንሳል።

በማግስቱ ጋሼን ከኋላ ጭኜ አባይን ተሻገርኩ። ጥቅምት ነበር። ከዘንዘልማ በኋላ ቤቶቹ ሲሳሱ አራተኛ፣ ቀጥሎም አምስተኛ አስገባሁ። ድምፁ ንጹሕ ነው። ከመቀመጫዬ ሥር የሚሆነውን ሁሉ አውቀው ነበር፤ የትኛው ብረት የት እንዳለ፣ ጭሱ በየት እንደሚወጣ። ከዚያ በፊት ሞተር ስነዳ ጆሮዬ ችግር ይጠብቅ ነበር። ያን ዕለት ግን በድምፁ ብቻ ተደሰትኩ። ሐሙሲትን አለፍን፣ የጉማራን ድልድይ ተሻገርን፣ ከዚያ ወዲያ የፎገራ ሜዳ ግራና ቀኙን ሩዝ ነው፤ ዘለላው ማዘንበል ጀምሯል። ጋሼ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ እያሉ መንገዱ አስፋልት ሳይሆን በጭቃ የተያዙበትን ቦታ፣ ሞተሩን ተሸክመው ያሻገሯቸውን ገበሬዎች ይነግሩኛል። የፎገራ ላሞች መንገዱን ሞልተው ሲሻገሩ ቆመን ጠበቅን። ሞተሩ ያለ ጋዝ ተረጋግቶ ዞረ፤ አልጠፋም።

ወረታ ልንገባ ስንል «ፍሪሲዮን ያዝና አጥፋው» አሉኝ፣ በሩጫ ላይ ሳለን። ካንዴላው በሥራ ላይ የነበረውን ቀለም እንደያዘ እንዲቀር ነው። ዳር ይዘን ፈታነው። ትናንት ጥቁርና እርጥብ የነበረው ጫፉ ደርቆ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኗል። ጋሼ ወደ ፀሐይ አዙረው ደጋግመው አዩት። ከዚያ ሻይ እንኳ ሳንጠጣ እጃቸውን ዘረጉ።

«በል ቁልፉን ስጠኝ፣ አንተ ከኋላ ውጣ።»

ወደ ጎንደር የሚሄደውን ትተው ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ወደ ቀኝ ታጠፉ። የአለምበር ዳገት ሲጀምር ወደ ሦስተኛ ቀነሱ። «ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነድቼ አላውቅም» ብለው ጮኹ፤ ዳገቱንም ማርሽ ሳይቀንሱ ወጡት።