መክፈል የቆመ ዕለት

በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እየነዳ፣ ቅዳሜና እሁድ የሠርግ ፎቶ የሚያነሳ አንድ ኢትዮጵያዊ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎችን የሚመርጥበትና የሚያስተካክልበት ፕሮግራም ፈለገ። ጓደኞቹ በየወሩ የሚከፈልበትን ላይትሩም መከሩት። ባለቤቱ ግን «መክፈል ያቆምክ ዕለትስ?» አለችው።

ጥያቄዋ ከነከነው። አፕል በ2014 እ.ኤ.አ. አፐርቸር የተባለውን ፕሮግራሙን ማሻሻል እንደሚያቆም ሲያስታውቅ፣ ብዙ ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን ወደ ሌላ ለማዛወር ተገደው ነበር። አንዱ ፕሮግራም የመዘገበውን የቀለምና የብርሃን ማስተካከያ ሌላው እንዳለ አያነበውም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ሳይቸኩል አመዛዝኖ በነጻ የሚገኘውን ዳርክቴብል መረጠ። እሱም አንድ ቀን ሊቀር ይችላል ብሎ፣ ከካሜራው የወጣውን ዋናውን ምስልና ተስተካክሎ ያለቀውን ጄፔግ በሁለት ዲስክ ያስቀምጣል። ከዓመታት በኋላ አንዲት ሙሽራ «አልበሜ ጠፋ» ብላ ብትደውል፣ ፕሮግራሙ ኖረም አልኖረ ፎቶዋን አውጥቶ ይሰጣታል።