ከላምበረት እስከ ጣርማበር፤ የመኪናዎች ንግግር

ላምበረትን በደንብ ለማየት ቢፈልጉ ጎሕ ሳይቀድ ይሂዱ። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደ ተጓዙ መናኸሪያውን ያገኙታል። በስተ ሰሜን የእንጦጦ ተራሮች ተከታይ የሆነው የየካ ኮረብታ ገና እንደ ጠቆረ ነው፤ የባሕር ዛፉ ሽታ ከናፍጣ ጢስ ጋር ተደባልቆ ይመጣል፤ ጋቢ የተከናነበው ተሳፋሪ ሻንጣውን አቅፎ ይጋፋል፤ ረዳቶቹም «ደሴ! ደሴ!» «ደብረ ብርሃን፤ አንድ ሰው!» እያሉ ይጣራሉ። የሰፈሩን ስም የሰማ ሰው ላምብሬታ የምትባለዋን የጣሊያን ሞተር ብስክሌት ማስታወሱ አይቀርም። የዛሬው ጉዳዬ ግን ከዚያ ከሚነሡት መኪናዎች ጋር ነው።

በተማሪነቴ ዘመን ወደ ደሴ የምሄደው ከዚሁ እየተሳፈርኩ ነበር። አንድ ጊዜ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ደረሰኝና ስለ ሥራው ብዙ ነገር ተመለከትኩ። ኮተቤንና ካራን አልፈን ከተማው ወደ ኋላ ሲቀር፣ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ያነጋግረው ጀመር። አንዱ መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ ያደርጋል፤ የእኛም ሰው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጥቂት እንዳለፍን ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ እናገኛለን። (ይህ ሕግ አስከባሪዎችን ደስ እንደማያሰኝ አውቃለሁ፤ ዳሩ ግን እውነት ነው።) ሌላው እጁን በመስኮት አውጥቶ መዳፉን ወደ መሬት ጫን ጫን ያደርጋል፤ ከጥምዝዙ ማዶ የከብት መንጋ አስፋልቱን ሞልቶት ይቆየናል። አንድ ቦታ ደግሞ ለምለም ቅርንጫፍ መንገዱ ላይ ተጥሎ ነበር፤ ከዚያ አለፍ ብሎ የተበላሸ ሲኖትራክ ቆሟል። ይህን ቋንቋ ያስተማረ ትምህርት ቤት የለም፤ የማያውቀው ሾፌር ግን የለም።

ጣርማበር ስንደርስ ንግግሩ ሁሉ ተቋረጠ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከፈለፈለው ዋሻ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ጭጋጉ ዋጠን። መብራት ቢበራ ጭጋጉን ይበልጥ ከማንጣት በቀር የሚረዳው ነገር አልነበረም። ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ በሰው እርምጃ ሲነዳ፣ አንድ የጭነት መኪና የእኛን መስመር ይዞ ከነጩ ውስጥ ድንገት ብቅ አለ። መሪውን ወደ ጠርዙ ጠመዘዘ። የጎን መስተዋታችን ክንድ ተሰብሮ ቀረ፤ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለት ተሳሉ። ሾፌሩ ላቡን እየጠረገ፣ «ማየቱስ ይቅር፤ መምጣቱን የሚነግረኝ እንኳ ባገኝ!» አለ።

ይህን ምኞት ሥራዬ ብለው የያዙ ሰዎች መኖራቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። በአሜሪካ አን አርበር በምትባል ከተማ የሚገኘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ወደ 2,800 የሚጠጉ መኪናዎችን እርስ በርሳቸው በሬዲዮ እያነጋገረ መሞከር ጀመረ። እያንዳንዱ መኪና በሴኮንድ 10 ጊዜ ያለበትን ቦታ፣ ፍጥነቱን፣ አቅጣጫውንና ፍሬን መያዙን ይናገራል፤ 300 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለውም ይሰማዋል። ጭጋግ ለዓይን ግድግዳ ቢሆንም ለሬዲዮ ሞገድ ግን አይደለም። የተራራ ዐለት ሲመጣ ነገሩ ይለያል፤ ሬዲዮኑንም ያዳክመዋል።

ከዚህ ይልቅ እኔን የገረመኝ የሚፈትኑበት መንገድ ነው። በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ዩኒቨርሲቲው በ13 ሄክታር መሬት ላይ ኤምሲቲ የተባለች ከተማ ከፈተ፤ መንገድ፣ የትራፊክ መብራትና የቤት ፊት ገጽ ያላት፣ ነዋሪ ግን የሌላት ከተማ ናት። እውነተኛው መኪና በባዶው መንገድ ይነዳል። በዙሪያው ያሉት መኪናዎች በኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ናቸው፤ የእነርሱ መልእክት ግን በሬዲዮ ይደርሰዋልና አጠገቡ እንዳሉ ቆጥሮ ይጠነቀቃቸዋል። እርሱ ሲታጠፍ እነርሱም አይተው ይዘገያሉ። እውነቱና ምናቡ የተቀየጡበት ዓለም ነው። መንፈስ የመሰለው መኪና ቀይ መብራት ጥሶ ይገባል፤ እውነተኛው በጊዜ ፍሬን ካልያዘ ስሕተቱ ይመዘገባል እንጂ መስተዋት አይሰበርም፤ ስለት የሚሳል ሰውም የለም።

የእኛ ሾፌሮች ግን ይህን ፈተና የሚፈተኑት ተሳፋሪ አሳፍረው ነው፤ የወደቀውም በዚያው ይቀራል። በአገራችን በመኪና አደጋ በየዓመቱ የሚሞተው ሰው በሺህ ይቆጠራል።

መሣሪያው ነገ ላምበረት ይደርሳል ብዬ ላታልልዎ አልፈልግም። በአሜሪካም ቢሆን በ1992 ዓ.ም. ለዚሁ ተግባር ከተመደበው የሬዲዮ ሞገድ ከግማሽ በላይ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ለሌላ አገልግሎት እንዲውል ተወስኗል። የመፈተኛው ብልሃት ግን የግድ 13 ሄክታር አይጠይቅም። አምስት ኪሎ የሚማሩ የምሕንድስና ተማሪዎች የጣርማበርን ቁልቁለት ከነጭጋጉ በኮምፒውተር ቢሠሩት፣ ጭድ የተሸከመች አህያ፣ ለቀስተኛና መስመር የሳተ ሲኖትራክ ቢጨምሩበት፣ አዲስ ሾፌር መንጃ ፈቃድ ከመያዙ በፊት እዚያ ውስጥ መቶ ጊዜ ቢሳሳት ምን ይጎዳል? የአን አርበሩ ሰው ስለ አህያዋ አያውቅልንም።

ያን ዕለት ደብረ ሲና ስንደርስ ሾፌሩ የመስተዋቱን ክንድ በሽቦ አሰረ፤ ሻዩንም በቁሙ ጠጣና ተነሣን። ከከተማው ስንወጣ አንድ አውቶቡስ ወደ ጣርማበር ሊወጣ ሲመጣ አየ። መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረገለት።