ጉልቻን በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል?

የዓባይን በረሃ ወርዳችሁ ከወጣችሁና ደብረ ማርቆስን ካለፋችሁ በኋላ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ሳትደርሱ ደምበጫን ታገኛላችሁ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ጨዋታ ልጠቁማችሁ፤ በመንገድ ላይ የሚያዩትን ድንጋይ ሁሉ በስሙ እንዲጠሩት ጠይቋቸው።

እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ጠይቄያት ነበር። ከትምህርት ቤት “ድንጋያማ ቦታን በእንግሊዝኛ ግለጹ” የሚል የቤት ሥራ ይዛለች። ገና የዓባይ በረሃ ላይ ሳለን “ግዙፍ”፣ “ሹል”፣ “እንደ ግንብ የቆመ” የሚሉትን በእንግሊዝኛ ደረደረቻቸው። “በአማርኛስ?” ስላት “ድንጋይ” አለች፤ ትንሽ አሰብ አድርጋ ደግሞ “ትልቅ ድንጋይ”። ልቆጣት አልቻልኩም። እኔም ለመሥሪያ ቤቴ ማስታወቂያ ስጽፍ ሁሉንም “ማራኪ መልክዓ ምድር” ብዬ ነው የማልፈው።

እንግሊዞች የእኛን ተራራ ሳያዩት ጭምር ጽፈውለታል። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ባሳተመው “ራሴላስ” ልቦለዱ፣ በአማራ ምድር በተራሮች የተከበበና መግቢያው ከዓለት ሥር የሚያልፍ ዋሻ የሆነ ሸለቆ ስሏል። ጆንሰን ግን ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። አገሩን አይተው የጻፉት ደግሞ አናቱ ሜዳ፣ ጎኑ ገደል ለሆነው ተራራ የእኛኑ ቃል እንዳለ ወሰዱት፤ “አምባ” ብለው ይጽፉታል።

ደምበጫ ገጠር እናቴ ቤት ስንደርስ የልጄን ጥያቄ ለአያቷ አቀረብኩ። እናቴ ሳቀችና “ነይ የኔ ዓለም” ብላ እጇን ይዛ ወደ ማሳው ወሰደቻት። ሰው ገፍቶ የማያነቃንቀው ቋጥኝ ነው። ከአፈሩ ሥር ተነጥፎ የተኛው ዓለት። ማረሻ የሚያዶለዱመው መሬት ጭንጫ። ከማሳው ተለቅሞ የተደረደረው ካብ። ቤት ሲገቡ ደግሞ እህል የሚፈጭበት መጅ፣ ድስት የሚጣድበት ጉልቻ። ትዳር መመሥረትንም ሦስት ጉልቻ እንለው የለ?

አብዛኛው የዚያ አገር ጥቁር ድንጋይ በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። የእንግሊዝኛው ገለጻ ድንጋዩ ለአላፊ አግዳሚው ምን እንደሚመስል ይነግራችኋል። የእናቴ ቃላት ግን አብሮት ለሚኖር ሰው ምን እንደሚሆን ይናገራሉ። ልጆቻችን ሁለቱም ያስፈልጓቸዋል። የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ያስተምራቸዋል፤ ሁለተኛውን የሚያውቁት ግን እያረጁ ነው።

ስለዚህ የመንገዱን ሰላም አጣርታችሁ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ ሂዱ። አያት ካላችሁ አያት ቤት እደሩ።

ማታ ልጄ ምድጃው አጠገብ ደብተሯን ዘርግታ “ጉልቻን በእንግሊዝኛ ምን ልበለው?” አለችኝ።

“እንዳለ ጻፊው” አልኳት። “አምባንስ እንዳለ ወስደውት የለ?”